ሃያ ሰባተኛው ልባስ

ጅዳ፣ ሳፋ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሐጂ ጀውሀር
ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ። ዕድሜዎንና ጤናዎን አላህ ያቆይልን፤ በቤትዎም በመሥሪያ ቤትዎም ደግ ወሬ ያሰማን። እናቴን ጁሙዓ ጁሙዓ እንደሚጠይቁልኝ ነግራኛለች፤ ጀዛከላህ ኸይር። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

«ስልክ ለሰላምታ ነው፤ ጉዳይ ካለሽ በወረቀት ጻፊ» ስለሚሉኝ ይኸው ጻፍኩ። ዑምራ አድርጎ ለሚመለሰው ለሙሐመዲን በእጁ እሰጠዋለሁ።

ማዳም ኢብቲሳም ከቤቷ ጀርባ የፖርሴሊን መሥሪያ እንዳላት ከዚህ ቀደም ነግሬዎታለሁ። መካ ያለ አንድ ሆቴል እንግዶቹ ዘምዘም የሚጠጡባቸው፣ እጀታ የሌላቸው ስስ ስኒዎች አዝዟት ነበር። ያስረከበቻቸው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስኒዎች ባለፈው ወር ተመለሱ። ሲሄዱ ልባሳቸው፣ ከላይ የተቀባው ሽፋን፣ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ ሲመለሱ ደብዝዟል፣ ጣት ሲያልፍባቸውም ይሻክራል። የባሏ ወንድም መሐንዲሱ አብዱልረሕማን «ልባሱ ጤነኛ ነው፤ ሠራተኞቹ በሽቦ ፈትገውት ነው» ብሎ ደመደመ። እኔ በዚያው ሆቴል ዕቃ ለምታጥበው ለሚስከር ደወልኩላት።

«ሽቦ ከየት አባታችን እናመጣለን?» ብላ ሳቀችብኝ። «ውሃው ሲደርቅ ነጭ ምልክት ይተዋል፤ አለቃችን ሙዲሩ ደግሞ ምልክት ካየ ጣራ ይነቅላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በሚልሕ ለይሙን እንዘፈዝፋቸውና ከዚያ ኸላስ፣ ወደ ማሽን።»

ሚልሕ ለይሙን የሎሚ ጨው፣ ሲትሪክ አሲድ ነው። መሐንዲሱ ልባሱን የፈተነው በማሽኑ ሳሙና ብቻ ነበር። ሳሙናውን የቻለ ልባስ አሲዱን ላይችል ይችላል፤ ሁለቱን በየቀኑ ያፈራረቀበት ደግሞ ከሚያጥቡት ሴቶች በቀር ማንም የለም። የተባረከው ውሃ ጥፋት የለበትም።

ይህን ለማዳም ነገርኳት። «አንቺ ይህን ከየት አወቅሽ?» አለችኝ። ኬሚስትሪ መማሬንና በአገሬ ልባስ መቀመሜን ነገርኳት። ስድስት ዓመት ቤቷ ስኖር እርሷ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። አሁን በመሥሪያው በይፋ ልትቀጥረኝ ትፈልጋለች። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ግን «የቤት ሠራተኛ» ስለሚል ሙያውን ለማስለወጥ የዲግሪ ወረቀትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ያስፈልጋል። ዲግሪው አለኝ። የቀረኝ በ2010 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት እርስዎ በሚመሩት የፖርሴሊን ማዕከል የልባስ ክፍል መሥራቴን የሚገልጽ፣ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ነው። ያለ ደመወዝ እንደነበር ይጻፍ፤ የሌለ ነገር እንዲጨመርልኝ አልፈልግም። ኢቃማዬ የሚያበቃው ሐምሌ 18 ነው። እስከዚያ ካልሆነ በዚያው በቤት ሠራተኛነቴ ይታደሳል፤ ለመሥሪያው ሌላ ሰው ይቀጠራል።

ዱዓዎ አይለየኝ።
የእህትዎ ልጅ ሙኒራ


ኮምቦልቻ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ ለሙኒራ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ። የአላህ ጥበቃ በምትኖሪበት ቤትና በምትረግጪው መንገድ ሁሉ ላይ ይሁን። ደብዳቤሽ ከእጄ ከገባ አምስት ሳምንት አልፎታል፤ መዘግየቴን ከችላ ባይነት እንዳትቆጥሪብኝ። እናትሽ ጉልበቷን ታማ ነበር፤ አሁን ሻል ብሏት ከጎረቤት ደርሳ ትመለሳለች። ያንቺን ስም ሳታነሣ የምትውልበት ቀን የለም።

የጻፍሽልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሲድና ሳሙና ሲፈራረቁ በልባስ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት እኛንም ያስጨነቀን ነው። እንደምታውቂው ማዕከላችን ለትምህርት ቤት ላቦራቶሪዎች የሚሆኑ የፖርሴሊን ሳህኖችን በቁጥር ሃያ ሰባት ልባስ ያመርታል። ቦርዱ አሁን ለሆቴል የሚሆን ስኒ እንድናቀርብ ወስኗል፤ ናሙናው የሚታየው በሰኔ ነው። ይሁንና ያ ልባስ በስስ ስኒ ላይ ሲውል ከእቶን በሰላም ይወጣና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት፣ ማንም ሳይነካው፣ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ተሰነጣጥቆ የሸረሪት ድር ይመስላል። የልባስ ክፍል ኃላፊያችን ወይዘሮ ተናኘ ሲሰነጠቅ ድምፁን ጭምር ሰምታዋለች። «ሐጂ፣ ስኒዎቹ እያሙን ነው» ትለኛለች፤ እስቃለሁ፣ ግን ዕረፍት የለኝም።

ስለዚህ የማዳምሽ ልባስ ከምን ከምን፣ በምንስ መጠን እንደሚቀመም ብትጽፊልኝ ለአገርሽ ታላቅ ውለታ ይሆናል። የጠየቅሽውን ማስረጃ በሚመለከት ጉዳዩን በጥንቃቄ እያየሁት ነው።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።
አጎትሽ ጀውሀር


ጅዳ፣ ሳፋ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ረመዳን ከሪም። ጾማችሁን አላህ ይቀበላችሁ። የእናቴ ጉልበት መሻሉን ከእርስዎ በመስማቴ ልቤ ረጋ፤ እርሷ መታመሟን እንኳ አልነገረችኝም።

ረመዳን ሊገባ ሰሞን ማዳም መካ ይዛኝ ሄደች። ሚስከር የምትሠራው ከመሬት በታች ሁለተኛው ፎቅ ነው። ሴቶቹ የጎማ ቦት ጫማ አድርገው በእንፋሎት ውስጥ ቆመዋል፤ አዛን ከሐረም መስጊድ ሲነሣ እነርሱ ዘንድ የሚደርሰው በአየር ማስገቢያው ቱቦ ነው። የሎሚ ጨው ምን ያህል ትጨምራላችሁ ብዬ ስጠይቃቸው አንዷ መዳፏን ዘርግታ «ይህን ያህል» አለችኝ። እፍኟን በፕላስቲክ አድርጌ ጅዳ አምጥቼ መዘንኩት። ከዚያ በኋላ የተለያየ ልባስ የተቀቡ አርባ የሙከራ ቁራጮችን ወጥ ቤት ውስጥ ልክ እነርሱ እንደሚያደርጉት፣ አንዴ በአሲድ አንዴ በሳሙና አፈራረቅሁባቸው። ሰላሳዎቹ ደበዘዙ፤ አሥሩ አልደበዘዙም። ከአሥሩ ውስጥ ስድስቱ እኔ የቀመምኳቸው ናቸው።

መሐንዲሱ ቁራጮቹን አገላብጦ አየና ለማዳም «ከመቼ ወዲህ ነው ሸጋላ መሐንዲስ የሆነችው?» አላት፤ ሸጋላ የሚሉት የቤት ሠራተኛን ነው።

«አብዱልረሕማን፣» አለችው፣ «ስኒ አጥበህ ታውቃለህ?»

«ወላሂ ከጠረጴዛ አንሥቼም አላውቅ!»

«እንግዲያው የምታጥበዋን ስማ።»

ሳቀ። ሲወጣ ግን ከሐጅ በኋላ ከውጭ አገር የልባስ ቴክኒሺያን እንደሚያስመጣ፣ ሰውየው የአሥር ዓመት ማስረጃ እንዳለው ነገራት። ማዳም ትወደኛለች፤ ነገር ግን ወረቀት ያለውንና ወረቀት የሌላትን እኩል ማየት አትችልም።

የማዳምን ቅመም ጠይቀውኛል። አጎቴ፣ ቅመሙ አማና ነው፤ አደራ ነው። በር ከፍታ አስገብታ፣ ሚዛኑን ሰጥታ፣ «በእኔና በአንቺ መካከል አላህ ምስክር ነው» ብላኛለች። ለአገር ቢሆንም፣ ለእርስዎ ቢሆንም፣ አልችልም። እንዲህ ብዬ ለእርስዎ መጻፍ ምን ያህል እንደከበደኝ አላህ ያውቃል።

«በጥንቃቄ እያየሁት ነው» ያሉትን ደግሞ ደጋግሜ አነበብኩት። የሚታየው ነገር ምኑ እንደሆነ አልገባኝም። ስድስት ወር ሠርቻለሁ ወይስ አልሠራሁም? መልሱ አንድ መስመር ነው።

ሙኒራ


ኮምቦልቻ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ

ዒዱን በሰላም እንዳሳለፍሽ ተስፋ አደርጋለሁ። በቅርብም በሩቅም ያሉ ወገኖቻችንን ሁሉ አላህ በአማን ያኑርልን።

አማናን ስለመጠበቅ የጻፍሽው አኩርቶኛል። የጠየቅሁሽን እንዳልተጠየቀ ቁጠሪው።

ስለ ማስረጃው ግልጽ ልሁን። የልባስ ክፍሉን መዝገብ አስወጥቼ ተመልክቻለሁ፤ የአንቺ ስም የለበትም። ያኔ በመዝገብ የሚሰፍረው ደመወዝተኛ ብቻ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አንድ የመንግሥት ኃላፊ በመዝገብ የሌለውን ሲፈርም፣ የፈረመለትም ሰው የሥጋ ዘመዱ ሲሆን፣ ነገሩ እንዴት እንደሚነገር አንቺ አስተዋይ ነሽና እኔ አላስረዳሽም። በማዕከሉ የቅጥር ፈተና አንደኛ ወጥተሽ ሳለ ስምሽን ከተቀጣሪዎች ዝርዝር ያወጣሁትም በዚሁ ምክንያት ነበር። አምርሬ የወሰንኩት ውሳኔ ነበር፤ ዛሬም ድረስ በሥነ ምግባር ሥልጠናዎች ላይ ለወጣት ሠራተኞች እንደ ምሳሌ አነሣዋለሁ።

ሆኖም ባዶ እጅሽን ልተውሽ አልወደድኩም። ከዚህ ጋር አንድ ደብዳቤ ፈርሜ አያይዣለሁ። «ወ/ሪት ሙኒራ ሰዒድ በ2010 ዓ.ም. ማዕከላችንን በተለያየ ጊዜ መጎብኘቷን እናረጋግጣለን» ይላል። ማንንም የማያስነቅፍ፣ እውነትም የሆነ ነው።

አላህ ያሰብሽውን ያሳካልሽ።
አጎትሽ ጀውሀር


ጅዳ፣ ሩዋይስ
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐጂ ጀውሀር

አሰላሙ ዐለይኩም።

ይህን የምጽፈው ከትርጉም ቢሮ ወጥቼ፣ ሩዋይስ ካለች አንዲት የአገራችን ልጅ ቤት ተቀምጬ ነው። ያያያዙልኝን ደብዳቤ ወደ ዐረብኛ እንዲመልስልኝ ለሙዘሚል ሰጠሁት። ሙዘሚል የወሎ ልጅ ነው፤ የሐበሻውን ወረቀት ሁሉ የሚተረጉመው እርሱ ነው። አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«እህቴ፣ ቱሪስት ነበርሽ እንዴ?»

«አይ፣ እሠራ ነበር።»

«ይህ ወረቀት ግን ጎበኘች ነው የሚለው። መክተቡ ውስጥ ኢቃማ የሚለውጠው ሰውዬ፣ ሙዚየም የጎበኘ ሁሉ ቴክኒሺያን ከሆነማ እኔም ሐኪም ነኝ ይልሻል። የላ፣ ገንዘብሽን ያዢ፤ አልተረጉመውም።» ከዚያ ፊርማውን አይቶ «እኚህ ሐጂ ጀውሀር እኒያ የእህታቸውን ልጅ አልቀጥርም ያሉት ናቸው? አጎቴ ሥልጠና ላይ ሰምቷቸው እስካሁን ያወራል። ጻድቅ ሰው ናቸው አሉ» አለኝ። ያቺ ልጅ እኔ መሆኔን አልነገርኩትም።

አጎቴ፣ እኔ አልጎበኘሁም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብቼ አሥራ አንድ ሰዓት እወጣ ነበር። ፌልድስፓር የሚባለውን ድንጋይ አስፈጭቼ፣ ነፍቼ፣ መዝኜ፣ ቀብቼ ወደ እቶን አስገብቻለሁ። ከቁጥር አንድ እስከ ቁጥር ሠላሳ አንድ ያሉት ሙከራዎች የእኔ ናቸው። መዝገቡን አውጥተው እንዳዩ ጽፈውልኛል። በስም ዓምዱ ሥር «ገብረ ሥላሴ» የሚል አግኝተው ይሆናል፤ የእቶን ጠባቂው ገብረ ሥላሴ ፊደል እንደማይቆጥር እርስዎም ያውቃሉ። «ለጊዜው በእርሱ ስም አስፍሪው» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የእጅ ጽሑፌን ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁታል።

ቁጥር ሃያ ሰባት በ2011 ዓ.ም. ሲሸለም እኔ ሳፋ ውስጥ የሰው ደረጃ እያጠብኩ ነበር። ሽልማቱን ከእርስዎ ላይ የማውረድ ሐሳብ ኖሮኝ አያውቅም። አሁንም የለኝም። የምፈልገው ስድስት ወር መሥራቴን ብቻ ነው።

በእርስዎ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ይህም ቢሆን ድምፅ አይደለም፣ ወረቀት ነው። መሐንዲሱ የሚያስመጣው ቴክኒሺያን ቪዛው ወጥቶለታል። ከዚህ በኋላ አልጠይቅዎትም።

ሙኒራ


ኮምቦልቻ
ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙኒራ

የአላህ እዝነት ይድረስሽ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በአርባ ዓመት የሥራ ዘመኔ እንዲህ ያስቸገረኝ ጽሑፍ የለም።

የካቲት ላይ መዝገቡን በከፈትኩ ዕለት ጽሑፍሽን አውቄው ነበር። መጀመሪያ ያላወቅሁ መሰልኩ፤ ከዚያ ለአንቺም እንዳላወቅሁ አድርጌ ጻፍኩ። ራሴን «ለዘመዱ ያደላል» ከሚል ሐሜት ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስሜን ስጠብቅ የአንቺን ልፋት ለራሴ ማድረጌን ግን ማንም ስላልጠየቀኝ፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ሰኔ 20 ቦርዱ ተሰበሰበ። ስለ ስኒዎቹ ናሙና ከመናገሬ በፊት መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ፣ የቁጥር ሃያ ሰባት ቀማሚ ማን እንደሆነች፣ በፈተናው አንደኛ ወጥታ ለምን እንዳልተቀጠረችም አስረዳሁ። ሰብሳቢው አቶ ሙሉዓለም ወደ እኔ ጠጋ ብለው በለሆሳስ «ሐጂ፣ ማን ጠየቀዎት?» አሉኝ።

«ማንም አልጠየቀኝም» አልኳቸው። «ጥፋቱም እርሱ ነው።»

ወይዘሮ ተናኘ አለቀሰች። በአንቺ ቦታ መቀጠሯን አታውቅም ነበር፤ ጥፋትም የለባትም። እኔ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ኃላፊነቴን አስረክባለሁ። የማዕከሉን አዳራሽ በስሜ ለመሰየም የተያዘው ሐሳብም ተሰርዟል። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።

የጠየቅሽውን ማስረጃ ጽፌ ፎቶውን ዛሬ በስልክ ልኬልሻለሁ፤ ዋናው በአስቸኳይ ፖስታ ይደርስሻል። ቃሉ እንዲህ ይላል፦

«ለሚመለከተው ሁሉ። ወ/ሪት ሙኒራ ሰዒድ ከጥቅምት 1 ቀን እስከ መጋቢት 30 ቀን 2010 ዓ.ም. በቦርከና የሸክላና የፖርሴሊን ማዕከል የልባስ ክፍል ያለ ደመወዝ በሙሉ ቀን ሠርታለች። በዚህ ጊዜ ሠላሳ አንድ የልባስ ሙከራዎችን ቀምማ፣ ፈትና መዝግባለች። ማዕከሉ ለላቦራቶሪ ሳህኖች የሚጠቀምበትና በ2011 ዓ.ም. የተሸለመው ቁጥር ሃያ ሰባት ልባስ የእርሷ ሥራ ነው። ስሟ በመዝገብ ያልሰፈረው፣ ሽልማቱም በእኔ ስም የተሰጠው፣ በእኔ ጥፋት ነው። የሥጋ ዘመዴ መሆኗን እገልጻለሁ። ይህን ያረጋገጥሁት በራሴ ፊርማና በማዕከሉ ማህተም ነው። ጀውሀር ይማም፣ ዋና ዳይሬክተር።»

በጊዜው ከደረሰልሽ አልሐምዱሊላህ። ካልደረሰም የተጻፈው ከዚህ አይቀነስም።

አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።
ጀውሀር


ጅዳ፣ ሳፋ
ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሐጂ ጀውሀር

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናዎን ይስጥልን።

ዋናው ደብዳቤ ሐምሌ 11 ደረሰ። ሙዘሚል እስከ መጨረሻው አነበበው። «ይህ የሥራ ልምድ ነው ወይስ የኑዛዜ ቃል?» አለኝ። «እንዳለ ተርጉመው» አልኩት። የትርጉሙንም ዋጋ አልቀበልም አለ።

ሐምሌ 14 ከማዳም ጋር መክተቡ ሄድን። የመስኮቱ ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀብሎ ዓይኑን ወደ ግርጌው አወረደና ማህተሙን ፈለገ፤ ማህተሙን አገኘ፤ ቀኖቹን ጻፈ፤ መለሰልን። ሁለት ደቂቃም አልወሰደበትም። የቀረውን አንድም መስመር አላነበበም። ትክክለኛ ማህተም ካለበት ሦስት መስመር ይበቃው ነበር፤ ባለፈው ታኅሣሥ የጠየቅሁዎት ያን ያህሉን ነበር። እርስዎ ወንበርዎን የሰጡበትን ቃል እርሱ ሳያየው አለፈ።

ሐምሌ 17 ሙያዬ ተለወጠ። አዲሱ ኢቃማ በዐረብኛ «የሴራሚክ ቴክኒሺያን» ይላል። መሐንዲሱም ያመጣውን ሰው ለእቶኑ ሥራ አድርጎታል፤ «አንቺ ልባሱን፣ እርሱ እሳቱን፤ እኔ ደግሞ ስኒ ማጠብ እማራለሁ» ብሎ ቀልዷል። ማዳም አልሳቀችም፤ ስፖንጅ ሰጠችው።

ስለሚሰነጠቁት ስኒዎች የማውቀው ከማዳም ሳይሆን ከእርስዎ ዘንድ የተማርኩትን ነው፤ ስለዚህ ልነግርዎ ይፈቀድልኛል። ቁጥር ሃያ ሰባት የተቀመመው ለወፍራም ሳህን ነው። ሲቀዘቅዝ ከስሱ ስኒ ይበልጥ ይኮማተራል፤ የስኒው ገላ አብሮት ስለማይኮማተር ልባሱ ይሰነጠቃል። ለወይዘሮ ተናኘ የኳርትዙን ዱቄት በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረች፣ እሳቱንም በዚያው ልክ እያሳደገች አምስት ስድስት ጊዜ እንድትሞክር ይንገሩልኝ። በቀጥታ ብትጽፍልኝ እመልስላታለሁ። እርሷ ምንም አልበደለችኝም።

ደብዳቤዎን ከመክተቡ ስንመለስ መኪና ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ማዳም ምን ይላል ብትለኝ መሥራቴን ይላል አልኳት።

አውፍ በይኝ ብለዋል። አውፍ ብያለሁ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ወረቀቱን አንሥቼ ሳየው ግን ከአክብሮት የመጣ እንጂ ከልቤ የመጣ አልመሰለኝም፤ ቀደድኩት። እርስዎ አራት ጊዜ ቀድደው እውነቱን ጽፈውልኛል፤ እኔም ያልደረስኩበትን ደርሻለሁ ብዬ አልጽፍልዎትም። በመንገዱ ላይ ነኝ። ይጠብቁኝ።

ሙኒራ ሰዒድ